የልጄ ክራንቻ የት ቀረ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ናት። የላይኛው የቀኝ ክራንቻዋ አምና ወጥቷል። የግራው ግን እስከ ዛሬ አልወጣም፤ በቦታው ያለው የወተት ጥርሷ ነው፣ አይነቃነቅም። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የፊት ጥርሷ ደግሞ ከሌሎቹ ያነሰና ጫፉ ሾል ያለ ነው። አንድ ክሊኒክ ወስጃት ነበር፤ ራጅ ሳያነሡ «18 ዓመት እስኪሞላት ትጠብቅ፣ ካልወጣ ያን ጊዜ ተቀዶ ይነቀላል» አሉኝ። አማቴ ደግሞ «በሕፃንነቷ ግግ ይውጣላት ስል እምቢ ብላችሁ ነው» ይሉኛል። ልጄ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀምራለች። ምን ላድርግ?

እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ እስከ 18 ዓመት አይጠብቁ። ልጅዎ ራጅ መነሣት ያለባት አሁን ነው።

የላይኛው ክራንቻ ለመውጣት ረጅም መንገድ የሚጓዝ ጥርስ ነው። የሚፈጠረው ከፍ ብሎ፣ ከአፍንጫ ጎን ባለው አጥንት ውስጥ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የጎረቤቱን የፊት ጥርስ ሥር እየተከተለ ይወርድና አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ድድ ሰብሮ ብቅ ይላል። መንገዱን ከሳተ አጥንት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ይህ ከመቶ ሰው በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የሚደርስ ነው፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ጫፉ ሾል ያለ ስላሉት ጥርስ መጻፍዎ በጣም ጠቅሞኛል። ክራንቻው የሚመራው በዚያ ጥርስ ሥር ስለሆነ፣ ጥርሱ ሲያንስ ወይም ጨርሶ ሳይፈጠር ሲቀር ክራንቻው ወደ ላንቃ በኩል የመሳት ዕድሉ ይጨምራል። ለሚያይዋት ሐኪምም ሳይረሱ ይንገሩ።

ስለ ግግ የተባለውን በግልጽ መመለስ አለብኝ። አማትዎ የሚናገሩት ለልጅ ልጃቸው አዝነው እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን ግግ እየተባለ ከሕፃን ድድ ውስጥ በስለት ተፈልፍሎ የሚወጣው ነገር ትልም በሽታም አይደለም፤ ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው። ሕፃኑን የሚያስቀምጠውና የሚያተኩሰው እሱ አይደለም። በተፈለፈለ ጊዜ ግን ከበላዩ ወይም ከበታቹ የሚፈጠረው ቋሚ ክራንቻ አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ቅርጹ ይበላሻል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሳይወጣ ይቀራል። የደም መፍሰሱና የቁስሉ መመርቀዝ ሕፃኑን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። እርስዎ እምቢ በማለትዎ ልጅዎን ከዚህ ሁሉ ጠብቀዋታል። እባክዎ ይህን ጽሑፍ ለአማትዎ ያንብቡላቸው፤ ነገ ሌላ የልጅ ልጅ ሲወለድ በቤቱ የሚሰማው የእሳቸው ቃል ነውና።

አሁን ወደ ልጅዎ ልመለስ። አጥንት ውስጥ የተኛ ክራንቻ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሳያምም የጎረቤቱን የፊት ጥርስ ሥር እየተጠጋ ሊያሟሟው ይችላል፤ ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ደግሞ የሥሩ ብዙ ክፍል አልቆ ሊሆን ይችላል። አምስት ዓመት ጠብቂ ማለት ይህን አደጋ ሳያዩ ማለፍ ነው።

አንድ ራጅ ብቻ ክራንቻው መኖሩን እንጂ በየት በኩል መተኛቱን በእርግጠኝነት አይናገርም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ራጅ ከተለያየ አቅጣጫ ይነሣል። የራጅ መሣሪያው ወደ ግራ ሲዞር በሁለተኛው ፊልም ላይ ክራንቻው አብሮ ወደ ግራ የሄደ ከመሰለ፣ የተኛው በላንቃ በኩል ነው፤ ወደ ቀኝ የሄደ ከመሰለ በከንፈር በኩል ነው። ሐኪሙ የጎረቤቱ ሥር ተነክቷል ብሎ ከጠረጠረ ሲቲ ስካን ሊያዝ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ እንደ ክራንቻው አቀማመጥ ይለያያል። ብዙ ካልሳተ የመጀመሪያው እርምጃ ቀላል ነው፤ ቦታውን ይዞ የቀረውን የወተት ክራንቻ መንቀል። ኤሪክሰንና ኩሮል የተባሉ የስዊድን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ10 እስከ 13 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይህን ብቻ አድርገው ወደ ላንቃ ከሳቱት ክራንቻዎች 78 በመቶው ወደ መንገዳቸው ተመልሰዋል። ክራንቻው ወደ መሐል የፊት ጥርሶች በተጠጋ ቁጥር ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጅዎ በዚህ ዕድሜ ጠርዝ ላይ ስላለች ነው አይዘግዩ የምለው። ከተነቀለላት በኋላም ስድስት ወር ገደማ ቆይቶ ራጁ ይደገማል፤ ለውጥ ከሌለ በተስፋ ብቻ አይቆይም።

ያ ካልሆነ ክራንቻውን ጎትቶ ማውረድ ይቻላል። መጀመሪያ የጥርስ ሽቦ ታስሮ ቦታ ይከፈትለታል። ቀጥሎ በማደንዘዣ ድዱ ተከፍቶ፣ ጥርሱን የሸፈነው ስስ አጥንት ይነሣና የጥርሱ አናት ይገለጣል። እዚያ ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቁልፍ መሳይ ብረት በጥርስ ማጣበቂያ ትለጠፋለች፤ ከእሷ ጋር ቀጭን ሰንሰለት ተያይዟል። ድዱ ሲሰፋ የሰንሰለቱ ጫፍ ወደ ውጭ ይቀራል፤ ሽቦው ላይ ይታሰርና መጎተቱ ይጀመራል። ጥጥ የምትፈትል ሴት ክሩን በኃይል ብትስበው ይበጠስባታል፤ ይህም እንዲሁ በእርጋታ የሚሠራ ነው። የሚጎትተው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ60 ግራም አይበልጥም፤ ጥርሱም በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ለልጅዎ ይህን ከወዲሁ ይንገሯት፤ ሽቦው ለፋሲካ ይፈታልሻል ብሎ ማባበል አይገባም።

ክራንቻውን ነቅሎ መጣል የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ክራንቻ ከጥርሶች ሁሉ ረጅሙ ሥር ያለው፣ የላይኛውን ከንፈር ማዕዘን ደግፎ የሚይዝ ጥርስ ነው። የወተት ጥርሱ የእሱን ቦታ ዕድሜ ልክ አይሸፍንም።

ሽቦ ከታሰረላት ምግቧ እምብዛም አይለወጥም፤ እንጀራና ወጥ አይከለከልም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና አጥንት መጋጥ ግን ይቅር፤ ሽቦውን የሚያላቅቁት እነሱ ናቸው። የወይራ መፋቂያ ለለመዱት ጥሩ ነው፣ በሽቦ መሐል ገብቶ ግን አያጸዳም፤ ለስላሳ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይግዙላት።

ምርመራውን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የጥርስ ሕክምና ክፍል ይጀምሩ። ሽቦ የሚያስረው ኦርቶዶንቲስት የሚባለው ስፔሻሊስት ነው፤ በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ሲሆን አብዛኞቹም የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። ሽቦው በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ መታየት ስላለበት ሦስት ነገር አስቀድመው ይጠይቁ፦ ጠቅላላ ክፍያው ስንት ነው፣ በየጊዜው መክፈል ይቻላል ወይ፣ ሕክምናውን የሚጀምረው ሐኪም እስከ መጨረሻው አለ ወይ። ለጥቂት ቀን ከሌላ ከተማ መጥቶ ሽቦ አስሮ ለሚመለስ ሰው ልጅዎን አይስጡ። የሚከታተለው ያጣ ሽቦ ጥርስ ያለቦታው ይወስዳል፣ በሥሩም ጥርስ ይበሰብሳል፤ ይህን በታካሚዎቼ አፍ ውስጥ ስላየሁ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ታናናሾች ካሏት፣ ሌሎች አንባቢዎችም፣ ልጅ 10 ዓመት ሲሞላው እጃችሁን ታጥባችሁ በሌባ ጣታችሁ ከወተት ክራንቻው በላይ ያለውን ድድ በጉንጭ በኩል ዳስሱት። ክራንቻው በመንገዱ ላይ ከሆነ ጠንከር ያለ እብጠት ጣታችሁ ሥር ይሰማችኋል። በአንድ በኩል ኖሮ በሌላው ከጠፋ፣ ወይም በሁለቱም በኩል ከሌለ፣ ልጁን የጥርስ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት መምህር ነኝ። በላይኛው ቀኝ በኩል የወተት ክራንቻዬ እስካሁን አለ፤ ቋሚው አጥንት ውስጥ እንደተኛ ከአራት ዓመት በፊት በራጅ ታይቷል። ምንም አያመኝም። የግድ መታከም አለብኝ?

ከማራኪ

መልስ፦ የግድ አይደለም፣ ክትትል ግን የግድ ነው። በእርስዎ ዕድሜ የተኛ ክራንቻ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል መጎተቱ እንደ ልጅነት አይሳካም፤ ቢሞከርም ጊዜው ይረዝማል። የወተት ጥርስዎ ጠንካራ ከሆነና መልኩም ካላስጨነቀዎ እንዳለ መተው ተገቢ ምርጫ ነው። ክራንቻው የጎረቤቱን ሥር መንካት ከጀመረ ወይም በዙሪያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ ግን በቀዶ ሕክምና ይወጣል። አራት ዓመት ስላለፈው አዲስ ራጅ ይነሡ፤ ሲሄዱም የቀድሞውን ፊልም ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ክራንቻው መንቀሳቀሱን የሚያውቀው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያያቸው ነው።