አማቴ ለብቻቸው በቅማንትኛ ያወራሉ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አማቴ ከጭልጋ መጥተው እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ሁለት አመት ሆናቸው፣ ስንዴ ሲያበጥሩ ሰፌዱን እያንገዋለሉ ለብቻቸው በቅማንትኛ ያወራሉ። ልጄ «እማማ ምን እያልሽ ነው?» ሲላቸው «ተወው ልጄ የድሮ ነገር ነው» ብለው በአማርኛ ይመልሱለታል። ባለቤቴ ቋንቋውን አይችልም፣ ቋንቋውን የሚችሉ ታላቅ እህታቸው ብቻ እዛው ጭልጋ፣ አይከል አሉ። ቃላቱን ደብተር ላይ ልጽፍ ሞክሬ አንዳንዱ ድምፅ ፊደል ጠፋለት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ የኔም ልብ እዛ ሰፌድ ላይ ቀረ። ቅማንትኛ የአገው ቋንቋ ነው፣ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን፣ የኽምጣኛና የአዊኛ፣ የኤርትራው ብሌንም ዘመድ። በ1987ቱ ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሰው ከ170 ሺህ በላይ ነበር፣ አፌን የፈታሁት በቅማንትኛ ነው ያለው ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞላም፣ ያኔም የሚያወሩት በብዛት አዛውንቶች ነበሩ። እንዲህ ያለው ነገር ለኛ ለሸዋዎችም እንግዳ አይደለም፣ አልዩ አምባ ያሉት አርጎባዎች (የነሱ ቋንቋ ሴማዊ ነው) ዛሬ የሚያወሩት አማርኛ ነው።

ፊደል የጠፋለት ድምፅ እንደኔ ግምት ን እና ግ በአፍንጫ ተዋህደው የሚወጡት ነው፣ አማርኛ የለውም፣ አዊኛ ሲጻፍ ግን ጘ የሚባል ፊደል አለው፣ እሱን ተጠቀሚ።

ደብተሩ ግን ይቆይ! «ውሃ ምን ይባላል፣ እሳትስ» እያልሽ ብትጠይቂያቸው እሳቸው ይጨነቃሉ፣ አንቺም የምታገኚው ቃል ቃሉን ነው፣ እንዴት እንደሚቀልዱበት እንዴት እንደሚቆጡበት አታገኚውም። ቋንቋ መላሽ ይፈልጋል፣ እሳቸው ደግሞ ሁለት አመት ሙሉ መላሽ አጥተው ለስንዴው ነው የሚያወሩት። አይከል ላሉት እህታቸው ደውይላቸው፣ ስፒከር ላይ አድርጊው፣ ሁለቱንም አስፈቅደሽ በሌላ ስልክ ቅጂ፣ ቀኑንና የተናጋሪዎቹን ስም መጀመሪያ ላይ በድምፅሽ ተናገሪ፣ በኋላ ቡና እየጠጣችሁ አብራችሁ ስሙትና ትርጉሙን ይንገሩሽ። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ ስልክ ይጠፋል። ልጅሽንም አጠገባቸው አስቀምጪው፣ «የድሮ ነገር ነው» ያሉት የሚሰማቸው ያለ ስላልመሰላቸው ይሆናል። ለቅዳሜ አታቆይው፣ ዛሬ ማታ ደውይላቸው።