ጥያቄና መልስ፦ የእርዳታ ሥራ ሲገመገም ምን ይታያል?

በዚህ እትም ስለ ድርቅ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ተፈናቃዮች እርዳታ ከደረሱን ጥያቄዎች ለአምስቱ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በቦረና ዞን በአንድ ወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። በድርቁ ጊዜ በቦቴ ውሃ ያመላለሰ ፕሮጀክት አልቆ ሪፖርቱ «ከዕቅዱ 100 በመቶ ተከናውኗል» ይላል። የግምገማ ቡድኑ ውስጥ ተመድቤአለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ሪፖርቱን ለጊዜው ያስቀምጡትና የቦቴውን የጉዞ መዝገብ ያስመጡ። መቅጃው ከቀበሌው 60 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 120 ነው። የተጫነ ቦቴ በፒስታ መንገድ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም ስለማያልፍ መንገዱ ብቻ 4 ሰዓት ይበላል። በሴኮንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ 10,000 ሊትር ለመሙላት 55 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ወረፋውና ማራገፉ ሲጨመር አንድ ምልልስ 6 ሰዓት ይሞላል፤ ከንጋት እስከ ምሽት ከሁለት በላይ አይቻልም ማለት ነው። መዝገቡ ላይ አራት ካገኙ ውሉን ይዩ፤ ክፍያው በምልልስ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት። የነዳጅ ደረሰኙንና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውንም ያመሳክሩ።

ቀጥሎ ውሃውን ለሰው ያካፍሉት። ሁለት ምልልስ 20,000 ሊትር ነው፤ ለ2,400 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 8.3 ሊትር ይደርሰዋል። ቦቴው በሳምንት ሁለት ቀን ተበላሽቶ ከቆመ ወደ 6 ሊትር ይወርዳል። ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ ምላሽ መመዘኛ ዝቅተኛው መጠን በቀን 15 ሊትር ነው ይላል። በአገራችን ደግሞ የቦቴ ውሃ ብዙ ጊዜ በሰው 5 ሊትር ብቻ ታስቦ ይታቀዳል። ዕቅዱ መጀመሪያውኑ ዝቅ ብሎ ከተጻፈ 100 በመቶ መድረስ ምንም አያስደንቅም፤ ይህን ሳይሸፋፍኑ ይጻፉት። አርብቶ አደር ቤት ውስጥ ከዚያችው ውሃ ጥጃና ፍየልም ይጠጣሉ። አንዲት ላም በደረቅ ወቅት በቀን 25 ሊትርና ከዚያ በላይ ስለምትፈልግ፣ ከብቱን ያልቆጠረ ስሌት ለሰው የተረፈውን አያሳይም። ስለዚህ ቤት ገብተው «ትናንት ስንት ጀሪካን ቀዳችሁ? ከብት ስንቱን ጠጣ?» ብለው ይጠይቁ።

ጥራቱን በሦስት ቦታ ይለኩ፦ በቦቴው አፍ፣ በሮቶው ቧንቧ፣ ቤት ባለው ጀሪካን። ቀሪ ክሎሪኑ (ተሕዋስያንን ገድሎ ውሃው ውስጥ የተረፈው) በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም መሆን አለበት። ቦቴው ላይ 0.5 ሆኖ ጀሪካኑ ላይ ባዶ ከሆነ፣ ጀሪካኑ ቆሽሿል ወይም ውሃው ብዙ ቆይቷል። ቦቴው ያልታጠበ ቢርካ (በመሬት ውስጥ የተሠራ የውሃ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ከገለበጠ ክሎሪኑ በጭቃው ያልቃል።

ዋናው ጥያቄ ግን የቀን ጉዳይ ነው። ከ2013 ጀምሮ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ ድርቁ ድንገት የመጣ እንግዳ አልነበረም። በአንድ መስመር ላይ አራት ቀኖችን ያስፍሩ፦ ማስጠንቀቂያው የወጣበት፣ ገንዘቡ የተፈቀደበት፣ ውሉ የተፈረመበት፣ የመጀመሪያው ቦቴ የደረሰበት። መዘግየቱ የትኛው ክፍተት ላይ እንደሆነ በዓይን ይታያል። አስከትለውም በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ በፓምፕ ወይም በጄኔሬተር ብልሽት የቆሙ ጉድጓዶችን ይቁጠሩ። የአንድ ወር የቦቴ ኪራይ ስንቱን ያስጠግን ነበር? ይህን ስሌት ያልያዘ የቦቴ ግምገማ ግማሽ ነው እንላለን።

ጥያቄ፦ በሶማሌ ክልል በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት ከታከሙ ሕፃናት 92 በመቶው ድነዋል ተብሏል። እንኳን ደስ አላችሁ ልበል?

መልስ፦ ገና ነው። መስፈርቱ የዳኑት ከ75 በመቶ በላይ፣ የሞቱት ከ10፣ ያቋረጡት ደግሞ ከ15 በታች እንዲሆኑ ነው፤ ስለዚህ 92 ጥሩ ቁጥር ነው፣ እውነት ከሆነ። ቁጥሩን የሚያሳምረው የተለመደ ዘዴ፣ የቀሩትን ልጆች «በሕክምና ላይ» እያሉ መዝገቡ ላይ ማቆየት ነው። ካርዶቹን ያውጡ፤ በተከታታይ ሁለት ጉብኝት የቀረ ልጅ ካቋረጡት ይቆጠር። የተሰናበቱበትንም ልኬት ይዩ። የክንድ ዙሪያው 12.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ፣ በ11.8 የወጣ ልጅ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ትልቅ ነው። ከሁለት ወር በላይ የማይሻለው ልጅ ከበዛ ፕላምፒነቱ (ለሕክምና የሚሰጠው የለውዝ ምግብ) ለወንድምና ለእህት እየተካፈለ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ ራሽን ሳይደርስ ሲቀር ነውና እናትየውን አይውቀሱ።

ከዚያ ከጤና ጣቢያው ይውጡ። በተመረጡ መንደሮች ቤት ለቤት ዞረው ከ6 እስከ 59 ወር ያሉትን ሁሉ ይለኩ፤ ክንዳቸው ከ11.5 በታች የሆኑትንና ሁለቱም እግራቸው ያበጠውን ይመዝግቡ። 20 አግኝተው 7ቱ ብቻ ሕክምና ላይ ከሆኑ ሽፋኑ 35 በመቶ ነው፤ ለገጠር የሚጠበቀው ከ50 በላይ ነበር። የ13ቱን እናቶች ለምን እንዳልመጡ ይጠይቋቸው፤ የግምገማው ፍሬ እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስድስቱን የግምገማ መስፈርቶች በሙሉ መጠቀም ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ተገቢነት፣ ተጣጣሚነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ተጽዕኖና ዘላቂነት ለልማት ሥራ የተቀረጹ ናቸው። ለሦስት ወር የጎርፍ ምላሽ ሁለት ሦስቱን መርጠው ሽፋንን ይጨምሩበት፦ ማን ደረሰው፣ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነኝ። ጎርፍ ሳይመጣ የጎርፍ ዝግጁነት ፕሮጀክት እንዴት ይገመገማል? የተሰጠን ሥልጠና እንጂ ሌላ የሚቆጠር ነገር አላየሁም።

መልስ፦ ሥልጠና መቁጠሩን ይተዉት። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የገደለው ዝናቡ ደጋ ላይ ወርዶ ከተማው ተኝቶ ሳለ ነው። ስለዚህ ፈተናው ሌሊት ይሁን። የሚመለከታቸውን ኃላፊዎች አስፈቅደው፣ ቀኑን ለሌላ ሳይናገሩ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከላይኛው ተፋሰስ «ውሃው ጨምሯል» የሚል የሙከራ ጥሪ ያስደውሉ። ሰዓት ይያዙ፦ ተረኛው ስልኩን መቼ አነሳ? ቀበሌው መቼ ሰማ? ወንዙ ዳር ያለው የመጨረሻው ቤት መቼ ተንኳኳ? ድምሩ ውሃው ከላይ ወርዶ ከተማ ከሚደርስበት ጊዜ ካነሰ ሥርዓቱ አለ፤ ካልሆነ የለም። የሚሰናከለው አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ነገር ነው፤ የድምፅ ማጉያው ባትሪ ሞቷል፣ ሥልጠናውን የወሰደው ሰው ተዛውሯል፣ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ሄዷል። ሕዝቡ እንዳይደናገጥ ግን የመጨረሻዋ በር ላይ በጎ ፈቃደኛ ቆሞ ሙከራ መሆኑን ይንገር።

ማስጠንቀቂያ ሰምቶ አለመውጣትም አለ። ባንግላዴሽ (ያኔ ምሥራቅ ፓኪስታን) በ1970 እ.ኤ.አ. በደረሰው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300,000 ሰው ካጣች በኋላ በ1972 በበጎ ፈቃደኞች የሚንቀሳቀስ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም አቋቋመች። ሆኖም በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ 138,000 ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው ያልወጡ ብዙዎች ነበሩ፤ መጠለያው ሩቅና ጥቂት ነበር፣ ከብትና ንብረት ጥሎ መሄድ አስፈራ፣ ሴቶች ከማያውቋቸው ወንዶች ጋር መታጨቁን ሸሹ። በኋላ ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ ለከብት ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ተጨመረ። በ2007 እ.ኤ.አ. ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞቱት ከ3,000 በላይ ነበሩ። ልዩነቱ ሁሉ የፕሮግራሙ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ አውሎ ነፋሶቹ የተለያዩ ናቸው፣ ትንበያውም ተሻሽሏል። ለእርስዎ የሚጠቅመው ጥያቄው ነው፦ «ዛሬ ሌሊት ውጡ ብትባሉ ምን ያስቀራችኋል?»

ዕቅዱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ይፈልጉ፦ አዳኞች መቼ እንዳይገቡ ይላል? በሐምሌ 2016 በጎፋ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሮጠው በሁለተኛው የተቀበሩ ናቸው። ባየናቸው ዕቅዶች ይህ አንቀጽ ብዙ ጊዜ የለም።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ ያለው ማኅበራችን ደብረ ብርሃን አካባቢ ለተጠለሉ 300 አባወራዎች ዱቄት፣ አተርና ዘይት አስገዝቷል። ፎቶ ተልኮልናል። ሌላ ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ ፎቶ መታደሉን እንጂ መድረሱን አያሳይም። ከዕደላው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ካደለው ድርጅት ውጭ የሆነ ጠያቂ ይላኩ። ከ300 ውስጥ 73 አባወራ በዕጣ ቢጠየቅ የስሕተቱ ወሰን (ውጤቱ ከእውነቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል የሚችልበት) ወደ 10 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ከዝርዝሩ በየአራተኛው ስም መምረጥ ይበቃል። በስልክ ብቻ ከሆነ ስልኩ በባል እጅ ስለሚሆን ሴቶች ይቀራሉ።

በአገር ቤት የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ማኅበራችሁ በዚህ ልክ ካስገዛ፣ ስድስት ሰው ያለበት ቤት 90 ኪሎ እህል ማግኘት ነበረበት። 60 አገኘሁ ካለ ወዲያው «ተሰረቀ» አትበሉ፤ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አስጠይቁ። በሚዛን ነው በጣሳ የተሰፈረው? የጫኝና አውራጅ ተብሎ ተቀንሷል? ቤተሰብ ከአምስት በላይ አይቆጠርም ተብሏል? ወይስ ዝርዝር ውስጥ ላልገባ ጎረቤት ተካፍሏል? የመጨረሻው የምልመላውን ጉድለት እንጂ ሌብነትን አያሳይም። ይህን መለየት ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት እርዳታው ላልታሰበለት ዓላማ ውሏል ብለው በመላ አገሪቱ ስርጭት ሲያቆሙ፣ ምንም ያላጠፋው ተረጂም ለወራት ቀርቶበታል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከሌሉ ቤቶች 15 ወይም 20 ይጨመሩ። ለመመዝገብ ገንዘብ ወይም ሌላ ነገር ተጠይቀው እንደሆነ ሴት ጠያቂ ለብቻቸው ትጠይቃቸው፤ የሚናገሩት ስማቸው ሳይጻፍ ይመዝገብ።