የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ መጽሐፍን በኢንተርኔት መደብር በራስ ማሳተም

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። የማስተማር ዘመኔን የሚተርክ ወደ 200 ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ልጄም ወደ እንግሊዝኛ እየተረጎመችው ነው። አሜሪካ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ «አክስቴ፣ ማተሚያ ቤት ስትመላለሺ አትድከሚ፤ አማዞን ላይ በእኔ ስም እናወጣውና ገንዘቡን እልክልሻለሁ» ይለኛል። ቅንነቱን አልጠራጠርም፤ ግን ነገሩ ስላልገባኝ እሺ ለማለት ፈራሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄዎ በውስጡ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን ይዟል፤ እነሱም ቋንቋው፣ ሒሳቡና ባለቤትነቱ ናቸው።

ከቋንቋው እንጀምር። አማዞን ደራስያን መጽሐፋቸውን ራሳቸው እንዲያሳትሙ የከፈተው «ኬዲፒ» የተባለው አገልግሎት የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች በዝርዝር ያስቀምጣል፤ አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። አንዳንዶች የአማርኛውን መጽሐፍ «እንግሊዝኛ» ብለው ሲያስመዘግቡ ይታያል፤ ይህን እንዲያደርጉ ፈጽሞ አልመክርዎትም። ድርጅቱ ከደረሰበት መጽሐፉን ከሽያጭ ሊያነሳ፣ የከፋ ሲሆንም የደራሲውን መለያ (አካውንት) ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ትርጉም በአማዞን፣ አማርኛውን እዚሁ በአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ማውጣቱ የሚሻል ይመስለኛል። በእርግጥም አማርኛውን ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ያስተማሯቸው ልጆችና አብረዋቸው የሠሩ መምህራን ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ መጽሐፍ የሚገዙት ከመጻሕፍት መደብሮች ወይም ከአዟሪ እጅ ነው።

ለሁለቱም እትሞች የሚያስፈልገው የመለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ ብዙዎችን ያሳስታል። ኬዲፒ ለወረቀት መጽሐፍ ቁጥሩን በነፃ ይሰጣል፤ ሆኖም ያ ቁጥር ከአማዞን ውጭ በሌላ ማተሚያ ቤት ለሚታተም መጽሐፍ ሊያገለግል አይችልም። ለአማርኛው እትም ቁጥሩን መውሰድ ያለብዎት ሁላችንም ወመዘክር እያልን ከምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ትርጉሙ በሌላ ቋንቋ የወጣ ሌላ እትም ስለሆነ የራሱ ቁጥር ሊኖረው ይገባል እንጂ የአማርኛውን ሊዋስ አይችልም።

ሒሳቡን በቁጥር ላሳይዎት። በአማዞን የወረቀት መጽሐፍ የሚታተመው ገዢ ባዘዘ ጊዜ በመሆኑ አስቀድመው የሚከፍሉት የኅትመት ወጪ የለም፤ ወጪው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ይቀነሳል። በአሜሪካ ገበያ በተለመደው መጠን በጥቁር ቀለም ለሚታተም 200 ገጽ መጽሐፍ ወጪው 1 ዶላር ቋሚ ሆኖ በገጽ 1.2 ሳንቲም ይታሰባል፤ ድምሩ 3.40 ዶላር ነው። መጽሐፉን በ12 ዶላር ቢሸጡት ከዋጋው 60 በመቶው ማለትም 7.20 ዶላር ለእርስዎ ይታሰብና የኅትመቱ ወጪ ሲነሳለት 3.80 ዶላር ይቀራል። «ርካሽ ላድርገውና ብዙ ይሸጥልኝ» ብለው ዋጋውን 9 ዶላር ካደረጉት ግን፣ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ዋጋው ከ9.99 ዶላር በታች የሆነ የወረቀት መጽሐፍ ድርሻ ወደ 50 በመቶ ስለወረደ፣ የሚቀርልዎት 1.10 ዶላር ብቻ ነው። የሦስት ዶላር ቅናሽ ገቢዎን ወደ ሲሦ ያህል ማውረዱን ልብ ይበሉ።

በዚህ ላይ ግብር አለ። በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል የገቢ ግብር ስምምነት ባለመኖሩ፣ መለያው በእርስዎ ስም ከሆነ በአሜሪካ ከሚገኘው ገቢ 30 በመቶው ተቀንሶ ይቀራል፤ 3.80 ዶላሩ ወደ 2.66 ይወርዳል። ክፍያውም የሚፈጸመው ሽያጩ የተካሄደበት ወር ካለቀ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ድርጅቱ በቀጥታ ከሚከፍልባቸው አገሮች በአንዱ የተከፈተ መሆኑን መለያውን ከመክፈትዎ በፊት ያረጋግጡ።

ለወንድምዎ ልጅ ሐሳብ መነሻ የሆነው ይህ የክፍያና የግብር ጉዳይ እንደሚሆን እገምታለሁ። ነገር ግን መለያው በእርሱ ስም ሲከፈት ውሉን የሚፈርመው እርሱ ነው፤ የማሳተም መብቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያረጋግጠው እርሱ ነው፤ ገንዘቡም በአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ዘንድ የእርሱ ገቢ ተደርጎ ይቆጠራል። ልጁ ቅን ነው፤ ቅን ሰው ግን ይታመማል፣ ይፋታል፣ ዕዳ ይገባል፣ ይሞታል፤ ያን ጊዜ መጽሐፉ የማን እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ያስፈልጋል። በአገራችን ሕግም የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወይም ሲፈቀድ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ የቅጅ መብቱ የእርስዎ መሆኑን፣ ፈቃዱ የእንግሊዝኛውን እትም ብቻ እንደሚመለከት፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ግብሩ ከተከፈለ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ በየስንት ጊዜው እንደሚላክ የሚዘረዝር ውል ተፈራረሙ። «ከወንድሜ ልጅ ጋር ውል?» እንዳይሉ፤ ውሉ እርሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋል።

ትርጉሙን ልጅዎ ራሷ እየሠራችው ከሆነ መልካም ነው። በኮምፒውተር መተርጎሚያ አስተርጉማ ከሆነ ግን፣ በኋላ ብታርመውም እንኳ፣ ኬዲፒ መጽሐፉ ሲጫን ይህ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ስለ አማርኛው ጽሑፍ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮችና ስልኮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች (የኮምፒውተር ፊደል ቅርጾች) የተተየበ ጽሑፍ ዛሬም በየኮምፒውተር ቤቱ ይገኛል። ፋይሉን በስልክዎ ይክፈቱት፤ በአማርኛ ፋንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየዎት ጽሑፉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ከተለወጠም በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል መነበብ አለበት። ጸሐፊዎች አራት ነጥብን (።) በሁለት ተከታታይ ሁለት ነጥቦች (፡፡) የመተካት ልማድ አላቸው፤ መስመር ሲሞላ አንዱ ነጥብ ወደሚቀጥለው መስመር ወርዶ ገጹን ያበላሸዋል። እኔም ከዓመታት በፊት አንድ ማተሚያ ቤት ፎንቱን በፒዲኤፉ ውስጥ ሳያካትት በመላኩ አርባ ገጽ ሙሉ ባዶ ሳጥን ታትሞ ደርሶኛል። ከዚያ ወዲህ የናሙና ቅጂ በእጄ ይዤ ሳላነብ «ይታተም» ብዬ አላውቅም፤ እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰበታ ነው። በእንግሊዝኛ የጻፍኩትን ልቦለድ በኢ-ቡክ ብቻ ማውጣት እፈልጋለሁ። ዋጋውን 1.99 ዶላር ላድርገው ወይስ ከዚያ በላይ? ምዕራፎቹን እስካሁን በቴሌግራም ቻናሌ ሳካፍል ነበር።

መልስ፦ ዋጋው ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ባለው ውስጥ ከሆነ የ70 በመቶ ድርሻ መምረጥ ይችላሉ፤ ከዚያ በታችም ሆነ በላይ ከሆነ 35 በመቶ ነው። በ1.99 የሚያገኙት 70 ሳንቲም ያህል ሲሆን በ2.99 ግን ወደ 2 ዶላር ይጠጋል። በ70 በመቶው ምርጫ በፋይሉ ክብደት የሚታሰብ የማድረሻ ክፍያ ስለሚቀነስ ፎቶግራፍ የበዛበት መጽሐፍ ይጎዳል፤ ለልቦለድ ግን ኢምንት ነው። እኔ 2.99ን እመርጣለሁ። ለኢ-ቡክ አይኤስቢኤን ግዴታ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ቴሌግራሙ ነው። «ኬዲፒ ሴሌክት» በሚባለው መርሐ ግብር ከተመዘገቡ ለ90 ቀን የኢ-ቡኩ ይዘት በሌላ ቦታ በነፃም ሆነ በዋጋ እንዳይገኝ ይገደዳሉ፤ ካላቆሙትም ራሱን ያድሳል። ምዕራፎቹን ከቻናልዎ ሳያነሱ የመርሐ ግብሩ መመዝገቢያ ሳጥን ላይ ምልክት እንዳያደርጉ፤ ማንሳት ካልፈለጉ ያለ መርሐ ግብሩ ማሳተም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ ነው የምጽፈው። መጽሐፌን ኢንተርኔት ላይ ከማውጣቴ በፊት ማስመዝገብ አለብኝ? ካላስመዘገብኩ መብት የለኝም ይሉኛል።

መልስ፦ እንዲህ ያሉዎት ሰዎች ተሳስተዋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት የሚገኘው ሥራው በመፈጠሩ ብቻ ነው፤ በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሆኖም ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ስለሚሆንዎት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢያስመዘግቡት ይጠቅምዎታል፤ ረቂቆችዎንም ቀናቸው እንደተጻፈባቸው አስቀምጡ።