ጮቄ ላይ ካልኩለስ ምን ይሠራል?

ስለ አየር ንብረት ለውጥ፣ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ ሒሳቡ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና የምመልሰው በዚያው በኩል፣ የለውጥና የድምር ሒሳብ በሆነው በካልኩለስ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ 12ኛ ክፍል ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ። ዴሪቬቲቭ ከፈተና ውጭ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ፈተናውንም አትናቀው! ዴሪቬቲቭ ማለት ግን «በምን ፍጥነት ይለወጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምድርን የሚያሞቀውን ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እንውሰድ። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 280 ገደማው ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ይሄ መጠኑ ነው። ፍጥነቱን ደግሞ እየው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጭማሪው በዓመት 1 እንኳ አይሞላም ነበር። አሁን ከ2 በላይ ነው። ጭማሪው ራሱ እየጨመረ ነው፤ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ፖዘቲቭ ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከቢቡኝ ነኝ። የጮቄ ተራራ ብርድ ዛሬም አጥንት ሰርስሮ ይገባል። አንድ ዲግሪ ቢሞቅ ማንን ይጎዳል? እኛስ ተመስገን ነው የምንል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ይሻል ይሆናል። ብርዳማ ከፍታ ላይ ለሚበቅለው ተክል፣ ለጅብራው ግን አይሻልም። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ አየሩ 1 ዲግሪ ከሞቀ፣ የለመደውን ብርድ የሚሻ ፍጥረት 150 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። ይውጣ፣ ችግር የለም። ተራራው ግን ያልቃል። የጮቄ ጫፍ 4,100 ሜትር ገደማ ነው።

ተራራውን እንደ ሾጣጣ እንቁጠረውና፣ ከ3,500 ሜትር በላይ ብቻ የሚኖር አንድ ፍጥረት አለ እንበል። ያለው 600 ሜትር ቁመት ነው። 1 ዲግሪ ሲሞቅ 450 ይቀረዋል። ሩቡን ብቻ ያጣ ይመስላል፣ አይደል? መኖሪያው ግን ስፋት ነው፤ ስፋት ደግሞ ከቁመቱ ስኩዌር ጋር ይሄዳል። 0.75 በ0.75 ሲባዛ 0.56 ነው። ከመሬቱ 56 በመቶ ብቻ ተረፈው። 2 ዲግሪ ከሆነ 25 በመቶ። ዴሪቬቲቩን የሠራ ተማሪ ነገሩን ቀድሞ ያየዋል፤ ቁመቱ 1 በመቶ ሲቀንስ ስፋቱ 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እውነተኛው ጮቄ ሸለቆና ሜዳ ስላለው ቁጥሩ ልክ አይሆንም። አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቀይ ቀበሮ ከጮቄ የጠፋው በሙቀት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ ሁሉንም በሙቀት አናሳብብ። ዋናው እርሻና ግጦሽ ነው። ሙቀቱ ግን ለማረሻው መንገድ ይከፍታል፤ ብርድ ይገታቸው የነበሩ ገብስና ድንች ወደ ላይ ይወጣሉ። በመላ አገሪቱ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። የጣናን አረም፣ እምቦጭን፣ ነቅለን ነቅለን ሰለቸን። ለምንድነው የማያልቀው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እምቦጭ ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በሎጋሪዝም ስታሰላው በቀን ወደ 5 በመቶ ይመጣል። አንድ ሄክታር ከሆነ፣ በቀን 500 ካሬ ሜትር ነቅላችሁ ባለህበት እርገጥ ነው። ሃያ ሄክታር ሲሆን ባለህበት ለመርገጥ ብቻ በቀን አንድ ሙሉ ሄክታር ያስፈልጋል። የእድገቱ ፍጥነት ከብዛቱ ጋር ስለሚሄድ በጊዜ መጀመር ከጉልበት ይበልጣል። ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና የውሃው ሙቀት ያቺን 5 በመቶ ሽቅብ ይገፏታል። ምንጣፉ ሲወፍር ከሥሩ ብርሃንና ኦክሲጅን ይቀንሳል። ዓሣው የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ትልልቆቹ አገሮች ጭሱን ቢቀንሱ ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል?

መልስ፦ አይወርድም። እዚህ ጋ ኢንቴግራል፣ ማለትም በጊዜ የሚጠራቀመው ድምር፣ ይመጣል። ሙቀቱ የሚከተለው የዓመቱን ልቀት ሳይሆን እስከ ዛሬ የተለቀቀውን ድምር ነው። ቧንቧውን ጠበብ ብታደርገው ባልዲው መሙላቱን አይተውም፤ ዝግ ብሎ ይሞላል እንጂ። በየ1,000 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.45 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ሙቀቱ ጭማሪውን እንዲያቆም የተጣራው ልቀት፣ ማለትም ከአየር ተመልሶ የሚወሰደው ተቀንሶ የሚቀረው፣ ዜሮ መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። ከምን ላስጀምረው?

መልስ፦ ከስሎፕ፣ ከመስመር ተዳፋትነት፣ እህቴ። ቴርሞሜትር ያዙና ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ውጡ። ከፍታውን ስልክሽ ያሳይሻል። በየ200 ሜትሩ ቆማችሁ ጥላ ሥር ይለካ፣ ግራፉንም በእጁ ይሥራ። ስሎፑ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ አካባቢ ካልመጣ አትቆጪው፤ ምናልባት ቴርሞሜትሩን ፀሐይ ላይ ይዞት ይሆናል።