ሌሊት ሌሊት የምትጮኸዋ ድመት

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ድመቴ 12 ዓመቷ ነው፣ እድሜ ልኳን ድምጿ የማይሰማ ጨዋ ነበረች፣ አሁን ግን ሁለት ወር ሊሆናት ነው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ኮሪደሩ መሀል ቆማ በረጅሙ ትጮኻለች። ተነስቼ ሳያት ምግቧም ውሃዋም አለ፣ ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ነው የማገኛት። የሚገርመው ከበፊቱ የበለጠ ነው የምትበላው ግን ስዳብሳት የጀርባ አጥንቷ ይቆጠራል። ባለቤቴ «አሞላቀሽባት ነው፣ በር ዝጊባትና ተኚ» ይለኛል። እውነቱን ነው? (እንቅልፍ ያጣሁት)

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ስለ ሌላ ድመት ቢሆን ያስኬደው ነበር፣ ለዚህችኛዋ ግን አይሆንም። በሩን ተዪውና የእንስሳት ሐኪም ጋር ውሰጃት። እኔን ያሳሰበኝ ጩኸቱ ሳይሆን ብዙ እየበላች ከሳች ያልሽው ነው። 10 ዓመት ያለፋቸው ድመቶች አንገታቸው ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን ማብዛቱ የተለመደ ነገር ነው፣ ያኔ ይበላሉ ይከሳሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፣ ልባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሌሊትም ይጮኻሉ። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በኪኒን ደግሞ ይያዛል። እዚያው ሄደሽ እያለሽ ኩላሊቷን እና ደም ግፊቷንም ይዩልሽ፣ ግፊት ድመትን በአንድ ቀን አይኗን ሊያጠፋው ይችላል። እና ስትጮህ በስልክሽ ቅረጪያት፣ ክሊኒክ ስትደርስ እኮ አንድ ቃል አትተነፍስም!

ምርመራው ንጹህ ከሆነ ወይ ጆሮዋ ደክሟል (የማይሰማ ድመት የራሱ ድምፅ ስለማይሰማው ነው የሚያንባርቀው) ወይ ደግሞ ጃጅታለች። ድመትም ይጃጃል፣ የገዛ ቤቱ ይጠፋበታል። እኔ አንድ አሮጊት ድመት ነበረችኝ፣ በጨለማ ስትጮህ ከአልጋዬ ሳልወርድ ስሟን ስጠራት ዝም ትልና ድምፄን ተከትላ እየዳኸች ትመጣ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ መብራት አብርተሽ እደሪ፣ ይረዳታል።

ጥያቄ፦ የኔዋ 2 ዓመቷ ነው፣ ፍጹም ጤነኛ ናት፣ ሐኪምም አይቷታል፣ ግን ጠዋት 11 ሰዓት ፊቴን በእጇ እየነካች ሚያው ሚያው፣ ምግብ ካልሰጠኋት መተኛት የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያስተማርካት አንተው ነህ። ትልልቅ ድመቶች እርስ በርሳቸው ሚያው አይባባሉም ማለት ይቻላል፣ ግልገል እናቱን የሚጠራበት ድምፅ ነው፣ ቤት ያደገች ድመት ግን ለሰው እንደሚሰራ ስለገባት አትተወውም። ሚያው አለች፣ ተነሳህ፣ ሳህኑ ሞላ፣ አለቀ። አሁን ዝም ብትላት መጀመሪያ ይብስባታል፣ ይሄን ከወዲሁ እወቀው፣ እና በአራተኛው ቀን ተሸንፈህ ከተነሳህ «አራት ቀን ከጮህኩ ይሰጠኛል» ብላ ነው የምትማረው። ተነስቶ መቆጣትም ለሷ መልስ ነው። ማታ ከመተኛትህ በፊት በገመድ ነገር አሯሩጣትና ከዚያ አብላት፣ አድና በልታ የምትተኛ ፍጥረት ስለሆነች እንቅልፍ ይወስዳታል። በሰዓቱ ራሱ የሚከፈት የምግብ ማሽን ካገኘህ ደግሞ ጩኸቷን ወደ ማሽኑ ታዞራለች፣ አንተን ትተውሃለች።

ካልመከነች ግን ይሄ ሁሉ አይሰራም። ወንድ ስትፈልግ መሬት ላይ እየተንከባለለች፣ ቂጧን እያነሳች ነው የምትጮኸው፣ ካላረገዘች በየ2 እና 3 ሳምንቱ ሊመለስባት ይችላል፣ መፍትሄው ማስመከን ነው።

ወንድ ድመት ያላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ እያማጠ ከጮኸና ሽንት ጠብ ካላለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊገድለው ይችላል፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋር ይዛችሁት ሂዱ፣ ሌሊትም ቢሆን።