ፒክስል ማሳነስ ዳታውን አያጠራውም

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ለሐዋሳ የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ ለመምረጥ የ30 ሜትር ኤስአርቲኤም (ከጠፈር በራዳር የተለካ የመሬት ከፍታ)፣ የ1 ኪሎ ሜትር የዎርልድክሊም ዝናብ፣ የ1፡5,000,000 የፋኦ አፈርና የ1፡250,000 ጂኦሎጂ ካርታ ወስደህ ሁሉንም ወደ 10 ሜትር ሪሳምፕል አድርገሃል፤ ማለትም ፒክስሉን (የካርታውን አንድ ካሬ) ጎኑ 10 ሜትር እንዲሆን ቀይረሃል። ውጤቱን «በ10 ሜትር» ብለህ ማቅረብ ትችላለህ ወይ? አትችልም። እንዲያውም ሪሳምፕሉ ራሱ ሳያበላሽብህ አልቀረም።

ተዳፋቱን እንይ። ኤስአርቲኤም ከፍታን በሙሉ ሜትር ነው የሚይዘው፤ 1,690 ወይም 1,691፣ በመሃል የለም። በጥቁር ውሃ በኩል እንዳለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ይህ የውሸት ደረጃ ይሠራል። በ30 ሜትር ፒክስል የ1 ሜትር ዝላይ በ60 ሜትር (በሁለት ፒክስል) ስለሚካፈል ስሎፑ፣ ማለትም ተዳፋቱ፣ 1.7 በመቶ ይወጣል። በኒረስት ኔበር (የቅርቡን ፒክስል ዋጋ እንዳለ በመቅዳት) ወደ 10 ሜትር ስታወርደው ግን ያው 1 ሜትር በ20 ሜትር ተካፍሎ 5 በመቶ ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ዜሮ። ዙም ብታደርግ የምታያቸው ቀጫጭን መስመሮች እነዚህ ናቸው፤ መሬቱ ላይ የሉም።

«ታዲያ የ12.5 ሜትሩን አሎስ ፓልሳር (የጃፓን ራዳር ሳተላይት መረጃ) ልውሰድ» እንዳትል። መመረቂያ ጽሑፉ ሁሉ እሱን ይጠቅሳል፤ በእኛ አገር ግን ከራዳር ምስሉ ጋር የሚመጣው ከፍታ ያው ኤስአርቲኤም ወደ ትንንሽ ፒክስል ተሰንጥቆ ነው፤ ያውም ከባሕር ወለል ሳይሆን ከኤሊፕሶይድ (ከምድር የሂሳብ ቅርጽ) የተለካ። የኮፐርኒከስ (የአውሮፓ ፕሮግራም) የ30 ሜትር ከፍታ ይሻልሃል፤ ዲሲማል ይይዛል፣ መረጃውም ከ2011–2015 እ.ኤ.አ. ነው። እሱም ቢሆን የዛፍና የጣሪያ አናት ነው የሚያሳየው።

ዝናቡ አንድ ፒክስሉ 85 ሄክታር ገደማ ነው። የአፈር ካርታው ላይ ደግሞ የግማሽ ሚሊ ሜትር መስመር መሬት ላይ 2.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ባለ 10 ሄክታር እጩዎችህ ጎን ለጎን ከሆኑ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጥብ ያገኛሉ፤ ለዝናቡና ለአፈሩ የሰጠሃቸው ክብደት ማንንም ከማንም አይለይም። ሁለቱን ካርታዎች አውጣቸው። የእጩዎቹ ደረጃ አይለወጥም፣ ሪፖርቱ ላይ «ታይቷል» የሚለው ግን ይሰረዛል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆንን ስንጥቅ መስመር ላይ ተጠንቀቅ። በ1፡250,000ው የጂኦሎጂ ካርታ ያው ግማሽ ሚሊ ሜትር 125 ሜትር ነው፤ የ100 ሜትር ባፈርህ (ከመስመሩ የምትርቀው ርቀት) ከመስመሩ ስህተት ያንሳል። ደምረህ 225 አድርገው።

ከድሮ 1፡50,000 ካርታ ዲጂታይዝ የተደረገ ሼፕፋይል (የካርታ ፋይል) ካለህ ዳተሙን፣ ማለትም ኮኦርዲኔቶቹ የተለኩበትን መነሻ፣ አረጋግጥ። የድሮ ካርታዎቻችንን ዳተም አዲንዳንን እንደ ጂፒኤሱ ደብሊውጂኤስ 84 ከጫንከው በዩቲኤም ዞን 37 ነገሩ ሁሉ 200 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ፣ 90 ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ ይንሸራተታል። መንገዶቹን ሳተላይት ምስል ላይ ደርበህ እይ፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን እኩል ከሸሹ ችግሩ እሱ ነው።

ሥራውን በ30 ሜትር ድገመውና ኦቨርሌዩን (የተደራረቡትን ካርታዎች ውጤት) የማይሆን ቦታ ለመጣል ብቻ ተጠቀምበት፤ የማይሆነውን ያውጣልህ፣ የሚሆነውን አይምረጥልህ። ቀጥሎ የስሎፑን ራስተር (የፒክስል ካርታ) አንድ ፒክስል ወደ አራቱም አቅጣጫ እያንሸራተትክ አስላ፤ በዚህ ብቻ ከምርጡ ክፍል የሚወጣ እጩ ካለ በዳታው ጥራት ሳይሆን በዕድል የገባ ነው። ለቀሩት 3 ወይም 4 ቦታዎች 2–3 ሜትር ጉድጓድ ይቆፈር፤ አፈሩ ፑሚስ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እና አመድ ከሆነ ከቆሻሻው የሚወጣውን ፈሳሽ አይይዝም። የአካባቢውን የእጅ ጉድጓዶች የውሃ ከፍታም በበጋና በክረምት መውጫ ለካ፤ ሐይቁ የገጽ መውጫ ስለሌለው የሚፈስሰው ሁሉ መድረሻው እሱ ነው።