«እስማማለሁ ያልኩት ላንተ ብዬ ነው»

የቡሬው ወንድማችን፣ ጥያቄህን አየሁት። የእህል ዋጋ የሚያሳይ አፕ አለህ። ማስታወቂያው የሰርቨር ኪራይህን እንኳ አልሸፍን ብሏል። አሁን አንድ የውጭ ድርጅት «ኮዳችንን አፕህ ውስጥ ክተት፤ ተጠቃሚዎችህ ፈቅደው ትርፍ ኢንተርኔታቸውን ያካፍሉ፤ አንተ በየወሩ ዶላር ተቀበል» ብሎ ጽፎልሃል። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው። እኔ ገብቼበት ወጥቻለሁ፣ አምስት ወር ቆይቼ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብመልስልህ አትሰልች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤስዲኬውን፣ ማለትም ድርጅቱ የሚሰጥህን ዝግጁ ኮድ፣ አፕህ ውስጥ ትከታለህ። ተጠቃሚው «እስማማለሁ» ሲል ስልኩ ፕሮክሲ ማለትም መተላለፊያ ይሆናል። ሌላ አገር ያለ ደንበኛ አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት ጥያቄው በተጠቃሚህ ስልክ በኩል ያልፋል። ድረ ገጹ የሚያየው የተጠቃሚህን አይፒ፣ ማለትም የኢንተርኔት አድራሻውን ነው። ይህን የሚገዙት ብዙውን ጊዜ የተፎካካሪ ዋጋ የሚከታተሉ፣ ማስታወቂያቸው በየአገሩ በትክክል መታየቱን የሚያጣሩ፣ ለኤአይ ማሠልጠኛ ጽሑፍ የሚለቅሙ ኩባንያዎች ናቸው። የዳታ ሴንተር አድራሻ ቶሎ ይታገዳል፤ የሰው ቤት አድራሻ ግን ይታመናል። የሚሸጠው ያ እምነት ነው።

የኔ አፕ የበዓልና የጾም ማውጫ ነው። ባሕረ ሐሳቡን ራሱ ያሰላል፤ ኢንተርኔት ጭራሽ አይፈልግም። ይህን ያዝልኝ።

ኤስዲኬውን ስከት ተጠንቅቄያለሁ ብዬ ነበር። ስልኩ ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ አደረግኩት። የሞባይል ዳታ አይነካም፣ ማንም አይጎዳም። ሁለተኛው ወር ላይ ደምበጫ ያለችው አክስቴ ደወለችልኝ። ሰላምታው እንኳ አጭር ነበር። «አንተ ልጅ፣ ያ የጾም ማውጫህ የልጁን ፓኬጅ በላው።»

ቅዳሜ ከማርቆስ ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ቡናው እየተፈላ ስልኳን ተቀብዬ ሴቲንግ ገባሁ። የዋይፋይ ዳታ አጠቃቀም የሚለውን ከፈትኩ። ከላይ የተቀመጠው የኔ አፕ ነው። ከቴሌግራም በላይ! ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ማውጫ በአንድ ወር 900 ሜጋ ጨርሷል። አፈርኩ።

የሆነው ይህ ነው። አክስቴ ቤት ዋይፋይ የለም። ልጇ ከስልኩ ሆትስፖት ይከፍትላታል። ለእሷ ስልክ ሆትስፖት ዋይፋይ ነው። የኔ ኮድ «ዋይፋይ ነህ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ይለዋል፣ ዳታው ግን ከልጁ ሲም ይቆረጣል። መጠየቅ የነበረብኝ «ይህ መስመር የሚቆጠር ነው ወይ?» ብዬ ነበር። አንድሮይድ ለዚህ ኖት ሜተርድ (የማይቆጠር) የሚባል መለያ አለው። የአንድሮይድ ስልክ ሆትስፖት ሲከፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆጠር መሆኑን ለተቀባዩ ይነግራል። ሲም የሚገባበት ትንሿ የኪስ ዋይፋይ ግን አትናገርም ብለህ አስብ። ስለዚህ መለያውንም ተጠቅመህ የምታመልጠው በከፊል ነው።

«እትዬ፣ እስማማለሁ የሚለውን ነክተሻል እኮ» አልኳት፣ ለራሴ መከላከያ ቢሆነኝ ብዬ።

«እስማማለሁ ያልኩት ላንተ ብዬ ነው እንጂ እሱ ምን እንደሚል መቼ አነበብኩት?»

መልስ አልነበረኝም። ጽሑፉን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። «ያልተጠቀሙበትን የባንድዊድዝ ሀብት በማጋራት አፑን ይደግፉ» ይላል። ብታነበውስ ምን ልትረዳ ነበር? እኔም ዛሬ ሳነበው አይገባኝም። ማርቆስ ስመለስ እንዲህ ብዬ ቀየርኩት፦ «ስልክዎ ለማያውቁት ሰው የኢንተርኔት መተላለፊያ ይሁን? ዳታዎ ሊቀንስ ይችላል። ገንዘቡን የማገኘው እኔ ነኝ።» ሁሉንም እንደገና ጠየቅሁ። እሺ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። ከእነሱም ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ድርጅቱ ይህን ሲያይ ወደ ቀድሞው ጽሑፍ እንድመለስ «መከረኝ»። ያኔ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ። ገቢው የሚቆመው ሰው ባልገባው መጠን ነው።

እውነቱን ለመናገር «ትርፍ ኢንተርኔት» የሚለው ቃል ራሱ ለእኛ ሰው አልተሰፋም። ቤቱ ድረስ የተዘረጋ መስመር ኖሮት በወር አንዴ ከፍሎ ያለ ቁጥር ለሚጠቀም ሰው ያስኬዳል። እሱ ሲተኛ መስመሩ ሥራ ይፈታል። እኛ ጋ ግን ዳታ እንደ ዘይት በልክ ነው የሚገዛው። ሰው ዳታውን ይከፍታል፣ ቴሌግራሙን ያያል፣ ይዘጋል። የፓኬጁ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የቀረችውን በቪዲዮ ያሟጥጣታል። ትርፉ የታለ? አንተ ከአንድ ጊጋ የምታገኘው ደግሞ ባለቤቱ ለዚያው ጊጋ ከከፈለው ያነሰ ነው። እኔ ሂሳቡን ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ አንተም በራስህ ቁጥር ሥራው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። ክፍያው እንደ አገሩ ይለያያል። የአሜሪካና የጀርመን አይፒ ውድ ነው፤ የኛ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ከታች ነው። ስልኩም ሲዘጋ አይቆጠርልህም። አምስት ወር ያገኘሁት ተደምሮ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አይገዛም፤ ዋጋውን አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። እሱንም በፔይፓል ነበር የላኩት። እዚህ ሆነህ በፔይፓል መቀበል ስለማይቻል አሜሪካ ያለ የአጎቴን ልጅ ለመንኩ።

አሁን ወደ አደጋው። የአንተ አፕ ያለው የጎግል ፕሌይ ስቶር ላይ ነው፤ እንግዲያው ይህን ቀድመህ አንብብ። የጎግል ደንብ ለሌሎች የፕሮክሲ አገልግሎት የሚያመቻች አፕ የሚፈቀደው ያ አገልግሎት የአፑ ዋና ዓላማ ሲሆንና ለተጠቃሚውም በግልጽ ሲታይ ብቻ ነው ይላል። የእህል ዋጋ አፕ ውስጥ በጎን ተሸጉጦ አይገባም። ተጠቃሚው ፈቀደም አልፈቀደም። አካውንትህ ቢዘጋ አፑ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ስምህም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው፣ በበሩ ማን እንደሚገባ አታውቅም። በየካቲት 2015 ቴሌግራምና ፌስቡክ ሲዘጉ ያገኘነውን ነጻ ቪፒኤን ሁሉ ስናወርድ ታስታውሳለህ? የዚያ ዓይነቱ ነጻ ቪፒኤን ምን ሊያመጣ እንደሚችል ስማ፦ በፈረንጆቹ ሜይ 2024 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት 911 ኤስ5 የሚባል የፕሮክሲ መረብ መፍረሱን ይፋ አድርጎ ነበር። ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻዎች ነበሩት። ሰዎች እንደ ማስክ ቪፒኤን ያሉ ነጻ ቪፒኤኖችን ሲጭኑ ኮምፒውተራቸው ሳያውቁት መተላለፊያ ሆነ፤ አጭበርባሪዎች በእነሱ አድራሻ ተሸሽገው የኮቪድ ድጎማ ገንዘብ ሳይቀር ዘረፉ። ያ ያለ ፈቃድ የተደረገ ነው፤ የአንተው በፈቃድ ነው። ፖሊስ መጀመሪያ የሚያየው አድራሻ ግን በሁለቱም የተጠቃሚው ነው።

ትንሹን ጣጣ እኔው ቤት ቀምሼዋለሁ። ለሙከራ በራሴ መስመር ላይ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ትቼው ነበር። ከሳምንት በኋላ የምከፍተው ድረ ገጽ ሁሉ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» ይለኝ ጀመር። የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ያለበትን ሥዕል ምረጥ ይላል። ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ያን ቀይ ነገር የማውቀው ከፊልም ነው። ባለቤቴ የባንክ አፗ አልከፈትም ሲላት ነገሩን አቆምኩት። የሞባይል መስመር ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አይፒ ስለሚጋራ የአንዱ ስም ሲጠፋ ጎረቤቱም ይነካል።

ሕጉንም አትርሳ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፈቃድ ሲባል ሰውየው አውቆ፣ ወዶ፣ ሲፈልግም መልሶ የሚያነሳው ፈቃድ ነው። የኔዋ የመጀመሪያ አረፍተ ነገር እዚያ ፊት ብትቀርብ አትቆምም ነበር።

እና አትግባበት ነው የምልህ። የግድ ካልክ ግን አፑን ከፕሌይ ስቶር ውጭ ለብቻው ሥራው። ማብሪያ ማጥፊያውን ፊት ለፊት አድርገው። ሲጫን የጠፋ ይሁን፤ በማይቆጠር መስመር ብቻ ይሥራ፤ ስንት ሜጋ እንደሄደ በቁጥር ያሳይ። ከገቢውም ለባለቤቱ አካፍለው። እንዲህ ካደረግከው የሚተርፍህን ቆጥረህ ንገረኝ።

እኔን ያዋጣኝ ሌላ ነው። የጾም ማውጫው ገጽ ግርጌ ላይ እዚሁ ከተማ ላለ ንዋየ ቅድሳት መሸጫ ቦታ ሰጠሁ። በየወሩ በቴሌብር ይከፍለኛል። ትልቅ ገንዘብ አይደለም፤ ከዶላሩ ግን ይበልጣል፣ የማንንም ፓኬጅ አይበላም። የአንተ አፕ ደግሞ ለዚህ ከኔው ይሻላል። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ያሉ የእህል መጋዘኖች፣ ጭነት የሚፈልጉ የኤፍኤስአር ሾፌሮች፣ ጆንያ ሻጮች በየጠዋቱ አፕህን የሚከፍተውን ሰው ነው የሚፈልጉት። አንዱን መጋዘን ሄደህ አነጋግር። የአንድ ወር በነጻ ስጠው።

ድርጅቱ የላከልህን ውል ግን ስክሪንሾት አድርገህ እዚህ ልቀቀው። «አቅራቢው ለተጠቃሚዎቹ ፈቃድ ሙሉ ኃላፊነት ይወስዳል» የምትል መስመር በኔው ውል ውስጥ ነበረች። በአንተም ካለች አቅራቢ የተባልከው አንተ ነህ።